የማይጣፍጥ ሻይ

ሐጅ ሸዋድፊ ሞተው የተገኙት የመግሪብ አዛን ሊሰማ ትንሽ ሲቀረው፣ በራሳቸው የእንጨት ሥራ ቤት፣ በራሳቸው እጅ በሠሩት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ጀለቢያቸው በላብ ርሶ ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል። መሯቸው ከእግራቸው ሥር ወድቋል። ሻለቃ ዋጊህ ሲደርስ የግብጿ የዱምያጥ ከተማ ሰው ሁሉ ወደ ማዕዱ ገብቶ መንገዱ ጭር ብሎ ነበር፤ ጾሙን ሳይፈታ ሬሳ ፊት የቆመ እሱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው ለእሱ ነው። አለቃው ኮሎኔል ረአፋት በዚያ ሰዓት ሾርባውን እየጠጣ ነበር፤ ያ የዋጊህን ሪፖርት እየገለበጠ ሪፖርት መጻፍ የተማረው ረአፋት።

ዋጊህ ጎንበስ ብሎ የሟቹን ቀኝ እጅ አየ። ጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። አሸተታቸው፤ ቴምር። ወለሉን ፈለገ፣ ኪሳቸውን ዳሰሰ፤ ቴምርም የለም፣ ፍሬውም የለም። ሌላም ነገር ዓይኑን ያዘው። ግንባራቸው ላይ ላቡ ገና አልደረቀም፤ ከንፈራቸው ግን ተጠርጎ ንጹሕ ሆኗል።

«መጀመሪያ ያገኛቸው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ የሟቹ እህት ሐጃ ታፊዳ። አንገታቸው ላይ የድሮ ቀዶ ጥገና ጠባሳ እንደ ክር ተጋድሟል።

«ነክተዋቸዋል?»

«ወንድሜ ጾመኛ ሆኖ ነው የሞተው። እሱን ጻፍ።»

«የጠየቅሁዎት ሌላ ነው፣ ሐጃ።»

«የምመልስልህ ይህን ነው። ጾመኛ ሆኖ ሞተ።»

ዋጊህ ሲጋራውን ከኪሱ አውጥቶ፣ የት እንዳለ ትዝ ሲለው መለሰው።

የሬሳ ምርመራው ውጤት በማግስቱ መጣ፤ መጥቶም ነገሩን አበላሸው። ሰውየውን የገደላቸው የስኳር መውረድ ነው። ደማቸው ውስጥ የተገኘው ኢንሱሊንም ሰውነታቸው የሠራው ሳይሆን በመርፌ የገባ ነው። ሐጅ ሸዋድፊ የስኳር ሕመምተኛ ስለነበሩ በመርፌ መግባቱ አዲስ ነገር አይደለም። መርፌውን የምትወጋቸው ግን ጎረቤታቸው ኢንሻራህ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ የሰፈሩን ሕመምተኛ ሁሉ እየዞረች የምትወጋ ሴት። ከዒድ በኋላ ሐጁ ሊያገቧት ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ሁለቱን ነገር ደምሮ «በቃ፣ ትታሰር» አለ። በዒድ ዋዜማ ማታ ወደ ማረሚያ ቤት ትዛወራለች፤ ከተዛወረች ደግሞ ነገሩ ከዋጊህ እጅ ይወጣል። ሰፈሩማ ፍርዱን አልጠበቀም። «ገዳይዋ» እያለ ይጠራት ጀምሯል።

የሐጁ የወንድም ልጅ ሂልሚ ከመካ የደረሰው ለቀብሩ ነው። ጾሙ ሲገባ ለዑምራ ሄዶ እዚያው ነበር የከረመው። ዋጊህ ሥራ ቤት ሲያገኘው የአልጋ ራስጌ ላይ የወይን ሐረግ እየጠረበ ነበር። እጁ የሚያስቀና ነው። ዱምያጥ በአናጢ የተሞላች ከተማ ናት፤ እንደ ባለእጁ ኡስታ ሂልሚ የሚጠርብ ግን ጥቂት ነው።

«አላህ ያጽናህ» አለው ዋጊህ።

«ይቀበልህ ሻለቃ። ቆሜ ባነጋግርህ አትቀየመኝ። ይህ የሙሽራ ዕቃ ነው፤ ሙሽራ ሐዘን አያውቅም።»

«ቆንጆ ሥራ ነው።»

«አጎቴ የሠራው ይባላል» ሂልሚ ሳይስቅ ፈገግ አለ። «እኔ እጠርባለሁ፣ ስሙ የሱ ነው። እንዲህ ነው ያደግነው።»

«መርፌ ወጊዋን እንዴት ታያታለህ?»

«ድሃ ሴት ናት። እጇ ስቶ ይሆናል፤ አላህ ይቅር ይበላት። ጥፋቱ የሷም ብቻ አይደለም። አጎቴን አትጹም እያልኩ ሺህ ጊዜ ለመንኩት፤ የሚሰማ ሰው አልነበረም።»

ዋጊህ ሲወጣ የሥራ ቤቱ ዘበኛ አባ ደሱቂ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ፀሐይዋ ጠልቃ ከአባይ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍሳል፤ ሽማግሌው ግን ሸሚዛቸውን እስከ እምብርታቸው ከፍተው በላብ ተጠምቀዋል። የሻይ ብርጭቋቸውን ሲያነሱ ከማንቆርቆሪያው ጋር ተንኳኳ።

«አባ፣ ታመዋል?»

«ሐዘን ነው ልጄ። ልቤ እንደ ሰጋር በቅሎ ይጋልባል። እበላለሁ፣ እበላለሁ፤ ሱሪዬ ግን ይወልቃል። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፍቷል።» ሳቅ አሉ። «ለዘበኛ ደግ ነው። ሌባውም አውቆታል።»

«ሐጁ ከሞቱ ጀምሮ ነው?»

«ኧረ ከዚያ በፊት ነው። ሐዘኑ ቀድሞ መጣ መሰለኝ።»

ዋጊህ ብርጭቋቸውን አየ። ሻዩ ካለቀ በኋላ ሥሩ ላይ እንደ ኖራ ያለ ነጭ ዝቃጭ ቀርቷል። አየና አለፈ፤ የእሱ ጭንቅላት ውስጥ የነበረው ኢንሱሊን ብቻ ነው። ቆይቶ ሲያስበው በራሱ ተናደደ።

ወደ ጣቢያ ተመልሶ ረአፋት ቢሮ ገባ።

«የኢንሱሊኑን ብልቃጥ ለካሁት» አለ። «የጎደለው መጉደል ያለበት ያህል ነው። ሴትየዋ አላበዛችም።»

«ሌላ ብልቃጥ ይኖራታል።»

«ሊያገባት ያለ ሰው ለምን ትገድላለች? ሳታገባው ምንም አትወርስ።»

«ከዒድ በኋላ ትነግረናለች።»

«ከዒድ በኋላ እስር ቤት ናት፣ ረአፋት።»

«ዋጊህ ወንድሜ፣ ጾሙ አድክሞሃል። ሂድና ጋደም በል። የአንተ የማዕረግ ጉዳይም እኮ ከዒድ በኋላ ይታያል።»

የትኛው ዒድ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የነገረው የለም። ቤተ ሙከራው «ከዒድ በኋላ» አለው። የዐቃቤ ሕጉ ጸሐፊ «ከዒድ በኋላ» አለው። ስልክ የሚያነሳ ሁሉ ያው ቃል ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። በዚህ አገር ሞት ብቻ ነው ከዒድ በፊት የሚመጣው።

ኢንሻራህን ከእስር ክፍሏ አስወጥቶ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ዓይኗ አብጧል፤ አነጋገሯ ግን አልተናጋም።

«ስንት ወጋሻቸው?»

«መግሪብ ላይ ሙሉውን፣ ለሱሁር፣ ለሌሊቱ ማዕድ፣ ግማሹን። ዶክተር ናዚም ለጾመኛ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያዘው። እኔ ከራሴ የምጨምር ሴት አይደለሁም።»

«ሙሉው ራሱ በዝቶ እንደሆነስ?»

«ለማን ይበዛል? በብርዱ ወራት እኮ እሱም አልበቃቸው ብሎ ነበር። ስኳሩ አልወርድ አለ። ዶክተሩ ጨመረ፣ አልወረደም፤ ደግሞ ጨመረ። ሰውየው እየበሉ ይከሳሉ፣ በዚያ ብርድ መስኮት ከፍተው ይተኛሉ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ መሮ ስቶ ጣታቸውን ቆርጧቸዋል።»

«ከዚያስ?»

«ጾሙ ከገባ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኑ። ላቡ ቆመ፣ እጃቸው ረጋ። ደስ አለን። ቆይቶ ደግሞ ብርድ ብርድ ይላቸው ጀመር። በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ ይላሉ፤ የትም በተቀመጡበት ያንጎላጃሉ። “የረመዳን በረካ ነው፣ ሰውነቴ አረፈ፤ ሻዬ እንኳ ጣፈጠኝ” ይሉኝ ነበር።»

ዋጊህ ቀና አለ። «ሻዩ ምን ሆኖ ነበር?»

«ስኳር ስለማይበሉ ምትኩን ክኒን ነው የሚጨምሩበት። ያቺ ጫን ስትላት አንዷን ጠብ የምታደርግ ትንሽ ዕቃ የለችም? ብርዱን ሙሉ “ይቺ ክኒን እንኳ ካደችኝ፣ አትጣፍጥም” እያሉ ሲያማርሩ ነበር።»

«ሰውነታቸው ሲለወጥ መርፌውን መቀነስ አላሰብሽም?»

«ጣታቸውን ወግቼ ልለካ ስል “ቀን ደም ማውጣት ጾም ያፈርሳል” ይሉኛል። አያፈርስም ብዬ ብምል ሼኽ ነሽ እንዴ ይሉኛል። ማታ በልተው ሲለኩ ደግሞ ደህና ነው። ዶክተሩ ጋ ደወልኩ። ይቀነስ ይሆን ወይ አልኩት። “ከዒድ በኋላ አምጪያቸው” አለኝ።»

ዋጊህ ያልተለኮሰችውን ሲጋራ በጣቶቹ መሃል ሰበራት።

«አንድ ነገር ንገረኝ ሻለቃ» አለች። «በዚያን ቀን ጠዋት ኪሳቸው ውስጥ ቴምር አስቀምጬላቸው ነበር። “ካዞረዎት አላህ ይቅር ባይ ነው፣ ይብሉ” ብያቸዋለሁ። ዝም አሉኝ። ሳይበሉት ነው አይደል የሞቱት? እልኸኛ ናቸው።»

ጣቶቻቸው ተጣብቀው እንደነበር ሊነግራት ፈለገና ተወው። ሙሉውን ሳያውቅ ግማሹን መንገር ክፉ ልማድ ነው፤ አለቆቹ ያላቸው ልማድ።

ዶክተር ናዚም ክሊኒኩን ሊዘጋ ቁልፍ ይዞ ቆሞ ነበር።

«አይጹሙ ብያቸዋለሁ» አለ ሳይጠየቅ።

«እሱን አልጠየቅሁህም። ስኳሩ ለምን አልወርድ አለ?»

«የስኳር በሽታ ነው ሻለቃ፤ እንደዚያ ነው።»

«ላቡስ? መክሳቱ፣ መንቀጥቀጡ?»

«ስኳር ያልተቆጣጠረ ሰው ይከሳል።»

«መስኮት ከፍቶስ ይተኛል? ጾም ሲገባ ደግሞ ድንገት ድኖ ብርድ ልብስ ይለምናል?»

ዶክተሩ ቁልፉን ማዞሩን ተወ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። «ሴትየዋ ደውላልኝ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ። ምን እንዳልካትም አውቃለሁ።»

ሐጃ ታፊዳ ጋ ሲደርስ አላስቀመጡትም። ደረጃው ላይ ቆሞ ነው የጠየቃቸው።

«ያንገትዎ ጠባሳ የምንድነው?»

«የእንቅርት ነው። ዕጢውን አውጥተው ጣሉት። ከዚያ ወዲህ በየንጋቱ የዕጢውን ምትክ ክኒን እውጣለሁ። ምነው፣ እሱም ወንጀል ሆነ?»

«ስኳርም አለብዎት ይባላል።»

«የሸዋድፊና የእኔ ውርስ እሱ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ሐኪሙ ክኒኔን ቀነሰውና መርፌዬን መቀነስ ረሳ። ይቺ የቆምክባት ደረጃ ላይ ነው ራሴን ስቼ የወደቅሁት። ሂልሚ ተሸክሞ ወሰደኝ። ሐኪሙም “ሁለቱ ባንድ ቀንበር የተጠመዱ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ሲዝል ሌላውን ካልያዝከው ማረሻውን ይዞ ገደል ይገባል” ብሎ አስረዳን።»

«ለእርስዎና ለሂልሚ?»

«ሌላ ማን አለኝ? ክኒኔን እንኳ የሚገዛልኝ እሱ ነው። እንደ እናቱ ነው የሚያየኝ። ከመካ ሳይቀር በየቀኑ እየደወለ ወንድሜን “አደራ አጎቴ፣ ጾምህን እንዳታፈርስ፣ እዚህ ሆኜ እየጸለይኩልህ ነው” ይለው ነበር።» ነጠላቸውን አጥብቀው ያዙ፤ ከጫፉ የሆነ ነገር ቋጥረውበታል። «ሸዋድፊም አላሳፈረውም። ጾመኛ ሆኖ ሞተ።»

«ኢንሻራህን ይወዷታል?»

«መርፌ ወጊ እመቤት ልትሆንብኝ? እስር ቤት መርፌ ትውጋ።»

ዋጊህ ደረጃውን ሲወርድ መሃል ላይ ቆመ። ከዚያ እየፈጠነ ወደ ሥራ ቤቱ ሄዶ አባ ደሱቂን ክንዳቸውን ይዞ አስነሳቸው። «ሻይዎን የሚያጣፍጡበትንም ይያዙ» አላቸው። ዶክተር ናዚም በሩን ሲከፍት ሽማግሌውን አንዴ አይቶ ደም ሊቀዳ መርፌና ጠርሙስ አወጣ። በዚያ ሳምንት ዋጊህን «ከዒድ በኋላ» ያላለው የመጀመሪያው ሰው እሱ ሆነ።

በዒድ ዋዜማ፣ ማዕድ ከተነሳ በኋላ፣ ሁሉም በሐጁ እንግዳ መቀበያ ተሰበሰቡ። ወርቅ ቅብ ወንበሮቹ ፕላስቲካቸው አልወለቀም፤ የተቀመጠ ሁሉ በተነቃነቀ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ሐጃ ታፊዳ ከሂልሚ አጠገብ ናቸው። ዶክተር ናዚም ወለል ወለሉን ያያል። ኢንሻራህ በሁለት ፖሊስ መካከል፣ አባ ደሱቂ በሩ ሥር። ኮሎኔል ረአፋት ሰዓቱን እያየ ነው።

«ዋጊህ፣ የእስረኛ መኪናው ታች ቆሟል። ባጭሩ።»

«ባጭሩ ይሁን። ኢንሻራህ የወጋችው ልክ ነው። ብልቃጡም ይመሰክራል። ልኩ አልተለወጠም፤ ከመርፌው ሥር ያሉት ሰው ናቸው የተለወጡት። በብርዱ ወራት ይነድዳሉ፤ በጾሙ ይበርዳሉ። ይህን ሁላችሁም አይታችኋል። በረካ አላችሁት። እኔ ግን ጠየቅሁ፤ ጾሙ ሲገባ ከጾሙ ሌላ ምን ተለወጠ?»

ወደ በሩ ዞረ።

«ሻያቸው ጣፈጠ» አለ ዋጊህ። «አባ ደሱቂ፣ ያቺን ዕቃ የት አገኟት?»

ሽማግሌው ከኪሳቸው ትንሽ ነጭ የክኒን ዕቃ አወጡ። «ሐጁ ናቸው የሰጡኝ፣ አላህ ይማራቸው። ጾሙ ሲገባ አዲስ መጣላቸውና “ይህችኛዋ አታጣፍጥም፣ መጣልም ያሳዝናል፤ ላንተ ትሁን” አሉኝ። እውነትም አታጣፍጥም። ሥሩ ላይ እንደ ኖራ ትዘቅጣለች። በነጻ የተገኘ ነገር ግን አይናቅም ብዬ እጥፍ አድርጌ እጨምራለሁ።»

«ከዚያ ወዲህ ነው ልብዎ የሚጋልበው?»

«እህ፣ ሐዘን መስሎኝ።»

ዋጊህ ዕቃዋን ተቀብሎ ጫን አደረጋት። አንዲት ክኒን መዳፉ ላይ ወደቀች። ወደ ሐጃ ታፊዳ ዘረጋላቸው። «ይህችን ያውቋታል?»

አዛውንቷ ወደ መብራቱ አስጠግተው አዩ። መሃሏ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አለ። ምላሳቸውን ነካ አደረጓት፤ ፊታቸው ጠቆረ።

«የእኔ ክኒን ናት» አሉ። «በየንጋቱ የምውጣት። የሸዋድፊ ዓይን ይህችን መስመር አያይም ነበር።»

«ዶክተር፣ ንገራቸው።»

ዶክተር ናዚም ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህ ንጥረ ነገር የሰውነት እሳት ነው። ሲበዛ ሰውየውን ያነደዋል፤ ጉበቱ ስኳር ያፈሳል፣ የተወጋው ኢንሱሊንም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ስኳሩ አልወርድ ይላል። እኔም…» ቆመ። «እኔም የበሽታው ጠባይ መስሎኝ መርፌውን ጨመርኩ። የአባ ደሱቂን ደም አይቼዋለሁ፤ በዚሁ መድኃኒት ተሞልቷል። የራሳቸው ዕጢ ግን ተኝቷል። እሳቱ የመጣው ከውጭ ነው ማለት ነው።»

«መድኃኒቱ ሲቋረጥስ?»

«ከሰውነት ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፤ ሳምንታት ይፈጃል። የራሱ ዕጢም ከውጭ ሲቀለብ ስለከረመ ቶሎ አይነቃም። በዚያ ጊዜ ሰውየው ይቀዘቅዛል፣ ያንቀላፋል። የሚያስፈልገው ኢንሱሊን በጣም ይቀንሳል። ያ ለእሳቱ የተጨመረው መርፌ እንዳለ ከቀጠለ፣ በዚያ ላይ ከጾመ…» አልጨረሰውም።

«ገዳዩ በዕለቱ ምንም አላደረገም» አለ ዋጊህ። «ወሩን ሙሉ ምንም አላደረገም። ያደረገው አስቀድሞ ማንደድ፣ ከዚያ እሳቱን አንስቶ መሄድ ነው። ይህን ሊያስብ የሚችለው ሁለቱ በሬዎች ባንድ ቀንበር መጠመዳቸውን የሰማ ሰው ነው። ሐኪሙ ለሁለት ሰው ነው ያስረዳው። ሐጃ፣ ያቺን ዕቃ ለወንድምዎ ማን ነበር የሚያመጣላቸው?»

ሐጃ ታፊዳ አጠገባቸው ወዳለው ሰው ቀስ ብለው ዞሩ። ወንበሩ ተንኮሻኮሸ።

«ሂልሚ» አሉ። «ከፖርት ሰዒድ። ባለቀ ቁጥር። አዲሷንም ለዑምራ ሲሄድ እሱ ነው የሰጠው።»

«ከሱቅ የገዛሁት ነው» አለ ሂልሚ ተረጋግቶ። «ፋብሪካው ቢሳሳት እኔ ምን አውቃለሁ?»

ዋጊህ ዕቃዋን ገለበጣት። «ፋብሪካ በአናጢ ሙጫ አይዘጋም። ሥሯ ተከፍቶ እንደገና ታሽጓል። ስፌቷ አይታይም፤ ጥሩ እጅ ነው የሠራው። አባ ደሱቂ፣ ኡስታ ሂልሚ ከቀብር ሲመለስ ምን ጠየቀዎት?»

«“አጎቴ ለመታሰቢያ የምትሆን አሮጌ የክኒን ዕቃ ነበረችው፣ አላየሃትም?” አለኝ። አላየሁም አልኩት።» ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «እንዳይወስድብኝ ብዬ ነው የዋሸሁት፤ ይቅር በለኝ።»

ረአፋት ሰዓቱን ማየት አቆመ።

«ሰው አጎቱ ሲሞትበት መቁጠሪያውን ነው የሚጠይቀው፣ ከዘራውን ነው የሚጠይቀው» አለ ዋጊህ። «ለእኔ ደግሞ አትጹም እያልኩ ለመንኩት አልከኝ። ከመካ ግን በየቀኑ እየደወልክ ጾምህን እንዳታፈርስ ትለው ነበር።»

ሂልሚ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አያቸው። ቆንጆ እጆች ናቸው።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ጠረብኩ» አለ። «እንግዳ ሲመጣ “ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ” ይላል፤ እኔ ሻይ አቀርባለሁ። ታገስ፣ ሥራ ቤቱ ያንተ ነው አለኝ። ታገስኩ። ከዚያ መርፌ ወጊ ሊያገባ ነው፤ ልጅ ብትወልድለት እኔ ለልጇም ሻይ ላቀርብ ነው።» ቀና ብሎ ዋጊህን አየ። «ስማኝ ሻለቃ። እኔ በመጨረሻ ያደረግሁት የሰው ሻይ እንዲጣፍጥ ነው። ሻይ ማጣፈጥ በየትኛው ሕግ ነው ወንጀል የሆነው?»

ዋጊህ ስሙ በሌላ ስም የተተካበትን ሥራ ሁሉ ባንድ ጊዜ አስታወሰ፤ ሰውየውንም ከሚገባው በላይ ተረዳው። ይህም አናደደው።

«እኔም ስሜን ወስደውብኛል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያንተን ዓይነት ሻይ ግን አላቀረብኩላቸውም። አንሡት።»

ሂልሚን ይዘውት ወጡ፤ ለኢንሻራህ የመጣው መኪና እሱን ጫነ። ረአፋት ብድግ ብሎ ኮቱን አስተካከለ። «ደግ ሠራን» አለ። ሠራን ነው ያለው። «ዐቃቤ ሕጉን እኔው አነጋግረዋለሁ። ያንተን ነገር ደግሞ ከዒድ በኋላ እንጨዋወታለን።»

አባ ደሱቂ ዶክተሩን ይዘው «ልቤ መቼ ነው የሚበርድ?» ይላሉ፤ «ቀስ በቀስ፣ ጥቂት ሳምንታት» ሲላቸው «ታዲያ ከተኛሁ ማን ይጠብቃል?» ይላሉ።

ኢንሻራህ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«ያው በእኔ እጅ ነው የሞቱት» አለች።

«እጅሽ አልሳተም።»

«አልሳተም። ግን የእኔ እጅ ነው።»

ዋጊህ ወደ ሐጃ ታፊዳ ዞረ። «ሐጃ፣ ቴምሩን ይስጡኝ።»

አዛውንቷ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። የደረቀች ቴምር ወጣች፤ ካንድ ወገኗ ጎድላለች።

«ከአፉ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። «አዛን አልተባለም ነበር። ሰው ሸዋድፊ ጾሙን ሰብሮ ሞተ እንዲለው አልፈለግሁም። አፉን ጠረግሁት። ልጥላት ስል ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ።»

ኢንሻራህ እጇን ዘረጋች። ሐጃ ታፊዳ አመነቱና መዳፏ ላይ አኖሩላት። ኢንሻራህ አውራ ጣቷን በጎደለው ላይ፣ የጥርሱ ምልክት ባለበት ላይ፣ ወዲያና ወዲህ አመላለሰች።

«ሰምቶኝ ነበር» አለች።

ከመስጊዱ የዒድ ተክቢራ ተጀመረ። ዋጊህ ሲጋራውን አውጥቶ ሊለኩስ ሲል ሁለቱን ሴቶች አየና፣ ሳይለኩሰው ደረጃውን ወረደ።